«ልክ እኔን ነው» የሚያሰኝ ፈተና ምን ያህል ይታመናል?

የስብዕና መጠይቆች ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቢሮ ወጥተው የስልክ ጊዜ ማሳለፊያ ከሆኑ ሰንበትበት ብለዋል። በደቡብ ኮሪያ ወጣቶች ሲተዋወቁ ባለ አራት ፊደል የስብዕና መለያቸውን መጠያየቃቸው የተለመደ ሆኗል፤ አንዳንድ ቀጣሪዎችም ይህንኑ መለያ በሥራ ማስታወቂያ ላይ እስከ መጥቀስ ደርሰው መነጋገሪያ ሆነው ነበር። በእኛም አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባበት የትምህርት ክፍል ምንም ይሁን ምን በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ሥነ ልቦናን በጋራ ኮርስነት ስለሚወስድ፣ ስለ ፍሮይድና ስለ ባሕርይ ንድፈ ሐሳቦች ጥቂት ሳይሰማ የሚያልፍ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ተማሪው በክፍል የሚማረው ንድፈ ሐሳብና ማታ በስልኩ የሚሞላው መጠይቅ አንድና ያው ነገር መስለው መታየታቸው ነው።

የሥነ ልቦና ተማሪ በመሆኔ ጓደኞቼ ውጤታቸውን እያሳዩ «እውነት ነው ግን?» ብለው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ መልሱን ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ «ልክ እኔን ነው የጻፈው» ይላሉ። የእኔ ክርክር ይህ ስሜት ለፈተናው ትክክለኛነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ለአንድ ፈተና ማስረጃ የሚሆነው፣ ሊሳሳት በሚችልበት ቦታ ላይ ራሱን አጋልጦ ሳይሳሳት መገኘቱ ብቻ ነው። ከዚህ መለኪያ አንጻር ሲታዩ ታዋቂዎቹ መጠይቆች እኩል አይቆሙም፤ በክፍል የምንማራቸው ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦችም እንዲሁ።

ከሁሉም ይበልጥ የታወቀውን ማየርስ ብሪግስ የተባለውን መጠይቅ ያዘጋጁት እናትና ልጅ ናቸው። ካትሪን ኩክ ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ብሪግስ ማየርስ በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ኢዛቤል እንዲያውም ቀደም ሲል የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፋ ተሸልማለች። መነሻቸው የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የሰዎችን የአስተሳሰብ ዝንባሌ በዓይነት የሚከፍል ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ሥራው መልክ የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ይገቡ ስለነበር፣ ለእያንዳንዷ የሚስማማትን ሥራ ለማግኘት ይረዳል የሚል በጎ ሐሳብ ነበራቸው። መጠይቁ ሰውን በአራት ጥንዶች ይከፍላል፤ ወደ ውጭ ያዘነበለ ወይስ ወደ ውስጥ፣ በተጨባጭ ነገር የሚመራ ወይስ በውስጠ ግንዛቤ፣ በማመዛዘን የሚወስን ወይስ በስሜት፣ በዕቅድ የሚኖር ወይስ እንደ ሁኔታው። በየጥንዱ አንድ ፊደል ስለሚሰጥ፣ ከአራቱ ጥንዶች ባለ አራት ፊደል 16 ዓይነት ሰው ይወጣል።

«ሁለቱ ሴቶች ባለሙያ ስላልነበሩ ሥራቸው ከንቱ ነው» የሚለውን ትችት አልወደውም። መሣሪያ የሚመዘነው በሚሠራው ሥራ እንጂ በሠሪው ዲፕሎማ አይደለም፤ ብዙ ባለ ዲፕሎማዎችም የባሰ መጠይቅ ሠርተዋል። ይልቁንስ የሚያስገርመው ዩንግ ራሱ ፍጹም ወደ ውጭ ወይም ፍጹም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሰው እንደሌለ መናገሩ ነው። መጠይቁ ግን በየጥንዱ ከሁለቱ አንዱን ፊደል ሳይሰጥ ማንንም አያሰናብትም።

ወደ «ልክ እኔን ነው» እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የሰፈረበት የግል ውጤት አደለና ምን ያህል እንደሚገልጸው ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጥ ጠየቀ። አማካይ ነጥቡ 4.26 ሆነ። ተማሪዎቹ የሁሉም ወረቀት ቃል በቃል አንድ ዓይነት መሆኑን፣ መምህሩም አብዛኛውን ጽሑፍ ከጋዜጣ መሸጫ ከተገኘ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ እንደለቀመው ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ፎረር ውጤቱን በዓመቱ አሳተመው፤ ፖል ሚል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 የባርነም ውጤት የሚለውን ስም ከታዋቂው የሰርከስ ነጋዴ ወስዶ ሰጠው።

ከወረቀቱ አረፍተ ነገሮች ሁለቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜ ተጫዋችና ተግባቢ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቁጥብና ጠንቃቃ ነህ ይላል። ይህ አረፍተ ነገር የማይነካው ሰው የለም፤ ሠርግ ቤት የሚጨፍረውም፣ በማግስቱ በር ዘግቶ የሚተኛውም እዚያው ውስጥ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ሰው ናቸው። ሌላው፣ ገና ያልተጠቀምክበት ብዙ ችሎታ አለህ የሚል ነው። ይህን ደግሞ «የለም፣ እኔ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ ጨርሻለሁ» ብሎ የሚመልስ ማን ይገኛል? የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ሁለቱንም በር ክፍት አድርጎ ስለሚተው ሊሳሳት አይችልም፤ ሁለተኛው ስለሚያሞግስ ማንም ሊያርመው አይፈልግም። የራስንና የእናትን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ በ12 እየገደፉ ኮከብ ማውጣት በሚታወቅበት አገር ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ ኮከቡ የተነገረው ሰው የተስማማውን ይዞ ይሄዳል፣ ያልተስማማውን ይረሳዋል።

መጠይቁ ግን ከኮከብ ቆጠራ የሚለይበት አንድ ነገር እንዳለ መካድ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ቢያንስ ይጠይቃል። ቅዳሜና እሁድ ከቤት ባልወጣ እመርጣለሁ፣ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ይደክመኛል፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ይከብደኛል ብሎ ተራ በተራ ምልክት ያደረገ ሰው በመጨረሻ «አንተ ጭምት ነህ» ቢባል መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን አዲስ ወሬ አይደለም፤ የነገርነውን በሚያምር ቋንቋ መልሶ ነገረን እንጂ። የሚደንቀው ያንን ሳይጠየቅ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ በሦስተኛው ዓመት ኮርስ ያቋርጥ እንደሆነ ወይም በምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ ቢያውቅ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ለንድፈ ሐሳቦቹም ይቀርባል። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ለሥነ ልቦና ሊቁ ለአልፍሬድ አድለር ስለ አንድ ሕፃን የነገረውን ኋላ ጽፎታል። ለፖፐር ጉዳዩ ከአድለር ንድፈ ሐሳብ ጋር የሚሄድ አልመሰለውም ነበር፤ አድለር ግን ሕፃኑን እንኳን ሳያይ ወዲያውኑ በበታችነት ስሜት ተረጎመው። እንዴት እንዲህ እርግጠኛ እንደሆነ ሲጠየቅ ሺህ ጊዜ ካየው ልምድ በመነሳት እንደሆነ መለሰ፤ ፖፐርም እንግዲያው ይህ ሲጨመር ልምዱ ሺህ አንድ መሆኑ ነው በማለት ተሳለቀ። በፍሮይድ ንድፈ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ዋናው ቅሬታም ተመሳሳይ ነው። አባቱን የሚጠላ ልጅ ንድፈ ሐሳቡን ያረጋግጣል፤ አባቱን የሚወድም ጥላቻውን አምቆ ነው ተብሎ እንዲሁ ያረጋግጣል። ይህን ስል የፍሮይድ ትምህርት ከኮርሱ ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ የማናውቀው ምክንያት ድርጊታችንን እንደሚመራ የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። ተማሪው ግን የአእምሮን ሦስት ክፍሎች ለፈተና ሲሸመድድ፣ ይህ የተለካ ነገር ሳይሆን የታሰበ ነገር መሆኑን የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ፊደሎቹ ሒሳብ እንግባ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚህ ነው። አንድ መጠይቅ ተግባቢነትን በ20 ጥያቄዎች ይለካል እንበል። አንዱ ተማሪ በ11ዱ ተግባቢ የሚያሰኝ መልስ ሰጠ፣ ሁለተኛው በ9ኙ፣ ሦስተኛው በ20ዎቹም። በፊደል አሰጣጡ መሠረት የመጀመሪያውና ሦስተኛው አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ግን ተቃራኒ። በሁለት ጥያቄ የሚለያዩት በሁለት ዓለም ተቀመጡ፣ በዘጠኝ ጥያቄ የሚራራቁት አንድ ቤት ገቡ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ሲሰበሰቡ ደግሞ አብዛኛው ሰው መሐል አካባቢ ይገኛል፤ ስለዚህ መቁረጫው መስመር የተሰመረው ሕዝብ በበዛበት ቦታ ላይ ነው።

መዘዙ የሚታየው ሰውየው መጠይቁን ዳግም ሲሞላ ነው። አንድ ፊደል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳይቀየር የመገኘት ዕድሉ 85 ከመቶ ነው ብለን በልግስና ብንነሳ፣ አራቱም ፊደሎች ሳይቀየሩ የመገኘታቸው ዕድል 0.85 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 52 ከመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሰው አንዱ በሁለተኛው ሙከራ «ሌላ ዓይነት ሰው» ሆኖ ይወጣል። በተግባር የተደረጉ ጥናቶችም ከአምስት ሳምንት በኋላ እስከ ግማሽ የሚደርሱ ተፈታኞች ቢያንስ አንድ ፊደል እንደሚቀየርባቸው አሳይተዋል። ስብዕና በአምስት ሳምንት እንደማይገለበጥ ግልጽ ስለሆነ የተገለበጠው መለኪያው ነው።

ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚሠሩበት አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት የተባለው አቀራረብ ከዚህ ወጥመድ የወጣው ሰውን በሳጥን መክተቱን ትቶ በመስመር ላይ በማስቀመጡ ነው። አነሳሱ ራሱ የሚስብ ነው። ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያስተውሉት ዋና ዋና ልዩነት በጊዜ ብዛት በቋንቋቸው ውስጥ ቃል ያገኛል ከሚል ግምት በመነሳት፣ ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 18,000 የሚጠጉ ቃላትን ለቀሙ፤ ከነዚህ ውስጥ 4,500 ያህሉ ቋሚ ባሕርይን የሚገልጹ ነበሩ። አማርኛ ተናጋሪም ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ዓይን አፋር፣ እጀ ሰፊ፣ ልበ ሙሉ፣ ግልፍተኛ፣ ቀብራራ እያለ ተመሳሳይ መዝገብ ሊያወጣ ይችላል። ሬይመንድ ካቴል ዝርዝሩን በስታቲስቲክስ አጥቦ 16 አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠሩ የነበሩት ቱፕስና ክሪስታል በልዩ ልዩ መረጃዎች ውስጥ አምስት ዘርፎች ተደጋግመው ሲመጡ አገኙ። እነዚህም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነትና ኃላፊነት፣ ተግባቢነት፣ ከሰው ጋር ተስማሚነት እና የስሜት አለመረጋጋት ናቸው።

የዚህ አቀራረብ ውጤት ግን አሰልቺ ነው። «በተግባቢነት ከመሐል ትንሽ ዝቅ ብለሃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሰው በመገለጫ ሥዕሉ ሥር አይለጥፍም። ለመሳሳት ግን የተጋለጠ ነው፤ ክብሩም ይኸው ነው። ለምሳሌ ጥንቁቅነት ከትምህርት ውጤትና ከሥራ አፈጻጸም ጋር ያለው ዝምድና በብዙ ጥናቶች ተደምሮ ሲታይ፣ ጥንካሬው ከዜሮ (ምንም ዝምድና ከሌለ) እስከ አንድ (ፍጹም ዝምድና) በሚለካበት መለኪያ፣ 0.2 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ ትንሽም ነው። በራሱ ሲባዛ 0.04 ስለሚሆን፣ በተማሪዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ባሕርዩ የሚያብራራው አራት ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው የመምህር፣ የቤተሰብ፣ የጤና፣ የዶርም ጓደኛና የዕድል ነው። በዚያ ላይ ሰዎች በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ የዕድሜ ክልል ውስጥ በአማካይ ይበልጥ ጥንቁቅና በስሜት የተረጋጉ እየሆኑ እንደሚሄዱ ስለተረጋገጠ፣ በ19 ዓመቱ የሞላውን መጠይቅ እንደ ዕጣ ፈንታ የሚይዝ ተማሪ ገና በመንገድ ላይ ያለ ሰው ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከዋልተር ሚሸል ነው። ባሕርይን የሚለኩ መጠይቆች በአንድ የተወሰነ አጋጣሚ ሰው የሚያደርገውን ሲተነብዩ ዝምድናቸው ከ0.3 እምብዛም እንደማይዘል በመጥቀስ፣ የምናደርገውን የሚወስነው ሁኔታው ነው ብሎ ተከራከረ። ከእርሱ 40 ዓመት በፊት ሃርትሾርንና ሜይ የተባሉ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ሕፃናትን ሐቀኝነት በልዩ ልዩ ዘዴ ሲፈትኑ፣ በፈተና የሚኮርጅ ልጅ በጨዋታ ላይ ያጭበረብራል ተብሎ ሊገመት እንደማይችል ማየታቸው ለክርክሩ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። ዛሬ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚይዙት መካከለኛውን ነው፤ ባሕርይ የሚታየው በብዙ ቀናት አማካይ ላይ እንጂ በአንድ ቀን ድርጊት ላይ አይደለም።

ለእኛ ግን የሁኔታው ጉዳይ ከዚህም ጠለቅ ይላል። በውጭ መጠይቆች ላይ ደጋግሞ የሚመጣውን «በስብሰባ ላይ ሐሳቤን ቀድሜ እሰነዝራለሁ» የሚል ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። አንዲት የሃያ ዓመት ተማሪ ይህን ስትሞላ የትኛውን ስብሰባ ታስብ? በዶርም ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ወሬውን የምትመራው እርሷ ልትሆን ትችላለች፤ በበዓል ቀን አጎቶችና አክስቶች በተቀመጡበት ግን ሳትጠየቅ አትናገርም፤ መምህሩ ፊት ደግሞ የምታውቀውን እንኳን በይሉኝታ ትውጠዋለች። ዝምታዋ ጭምትነት አይደለም፤ አክብሮት ነው፤ እንዲያውም ማን ፊት መናገር ማን ፊት ዝም ማለት እንዳለባት በሚገባ የምታውቅ ማኅበራዊ ሰው መሆኗን ያሳያል። መጠይቁ ግን ሦስቱን ስብሰባዎች አንድ ላይ ጨፍልቆ «አልፎ አልፎ» የሚለውን ሳጥን እንድትመርጥ ያደርጋታል፤ ውጤቷም መሐል ላይ ይወድቃል።

ይህ ሥጋት ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦሊቪያ ቺማኔ በሚባሉ በእርሻና በአደን በሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ የተደረገ ጥናት አምስቱን ዘርፎች ማግኘት አልቻለም፤ የወጡት ሁለት ሰፋፊ ዘርፎች ሲሆኑ፣ አንዱ ለሌላው ሰው በጎ ከመሆን፣ ሌላው ከታታሪነት ጋር የተያያዙ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መጠይቅ ተርጉሞ ማደሉን ትተው፣ በወቅቱ የነበሩትን የ11ዱን የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ከ1,200 በላይ ሰዎችን በቃለ መጠይቅ «የምታውቁትን ሰው ግለጹልን» ብለው ጠየቁ። ከተሰበሰበው መግለጫ የወጡት ዘጠኝ ዘርፎች ከአምስቱ ጋር በከፊል ቢገጥሙም፣ ሰዎችን ማስማማት፣ ማገዝና መምራት፣ ልበ ርኅሩኅነትን የመሳሰሉ ከሌላው ሰው ጋር የሚያያዙ ባሕርያት ሰፊውን ቦታ ያዙ። እንደ እኔ ከሆነ የኢትዮጵያ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች የምረቃ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎቻቸውን ሊያሰማሩበት የሚገባው ሥራ ይህ ነው፤ ከውጭ የመጣ መጠይቅ ተርጉሞ በ200 ተማሪ ላይ መሙላት ቀላል ስለሆነ ብቻ መቀጠል የለበትም።

ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃው ውጤቱ ከሞላው ሰው እጅ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሌክሳንደር ኮጋን የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በፌስቡክ በኩል የሚሞላ የስብዕና መጠይቅ አዘጋጀ። የሞሉት 270,000 ገደማ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን አሠራሩ የጓደኞቻቸውንም መረጃ እንዲወስድ ይፈቅድ ስለነበር እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለው የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት መድረሱን ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 አምኗል። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። ካምብሪጅ አናሊቲካ በስብዕና ላይ ተመሥርቶ የመራጩን ሐሳብ ለመለወጥ ችሏል የሚለውን ብዙ ባለሙያዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም ከላይ ያየናቸውን ትንንሽ የዝምድና ቁጥሮች ሳስብ እጠራጠረዋለሁ። መረጃው ግን ተወስዷል። ነፃ መጠይቅ ሲሞላ ኢሜይል፣ ዕድሜና ከተማ የሚጠየቅ ሰው የሚከፍለው በዚያ ነው።

በቅጥር ላይም ነገሩ ያው ነው። የማየርስ ብሪግስ አሳታሚ ራሱ መጠይቁ ሠራተኛ ለመምረጥ እንዳይውል ያሳስባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ለአእምሮ ሕክምና የተዘጋጀን የስብዕና መጠይቅ ለደረጃ ዕድገት ማጣሪያ ማድረግ የሕክምና ምርመራ እንደማድረግ ይቆጠራል ብሎ ይህን ባደረገ አንድ ኩባንያ ላይ ወስኗል። በእኛ አገር ቀጣሪዎች እንዲህ ያለ መጠይቅ ሲያመጡ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል። የአመልካቹ ነጥብ የሚወዳደረው ከማን ነጥብ ጋር ነው? «ከ70 ከመቶው ትበልጣለህ» የሚል ውጤት እነዚያ ሰዎች የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ከሆኑ ለአዳማው አመልካች የሚነግረው ጥቂት ነው። ሰውየው ከወር በኋላ ቢሞላው ውጤቱ ይደገማል? ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትስ በዚያው ሥራ ላይ በእርግጥ የተሻሉ ሆነው ታይተዋል? የመጠይቁ አቅራቢ ለእነዚህ በጽሑፍ የሚያሳየው ማስረጃ ከሌለው፣ አመልካቹ የሞላው ወረቀት በቅጥር ፋይል ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።